የሸንኮሬ ባዶ ወንበር

ተረት ተረት! «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። ወሩ የምርጫ ወር ነው፤ በረቱ ላይ ሳይቀር ፖስተር ተለጥፏል። «የድምፅ ኮሮጆ» በሉኝና ልቀጥል። የሚያስቅ ቦታ ካገኛችሁ ሳቁ፤ እኔ ግን ቃል አልገባላችሁም። ቃል መግባት በዚህ ወር የሌሎች ሥራ ነው።

ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። ምልክቱ መሰላል የሆነ አንድ ፓርቲ የዞኑ የቅስቀሳ አስተባባሪ አድርጎ ሾሟት ነበር። አስተባባሪ ማለት ከላይ ያሉት እያዘዙሽ፣ ከታች ያሉት እምቢ እያሉሽ መሃል ላይ መድረቅ ማለት ነው። ሥራው ሲጀመር በየቀበሌው ቀስቃሽ ነበራት። አሁን ግን አንዱ ታመምኩ ይላል፤ አንዷ እርሻ ደረሰብኝ ትላለች፤ ሌላው ስልኩን ዘግቶ ይጠፋል። የለጠፈችውን ፖስተር ፍየል ይበላዋል። ዋናው ቢሮ ደግሞ ጠዋትና ማታ እየደወለ «ሕዝቡ እንዴት ነው?» ይላታል። ሕዝቡ ደህና ነው፤ የታመመችው እሷ ናት።

ይርገዱ ለቀስቃሾቿ ያወጣችው ደንብ ነበር። «ሰው የተሰበሰበበት ድንኳን ካያችሁ ቁሙና ሞንታርቦ ክፈቱ» ትላቸው ነበር። ከዳግም ትንሣኤ ወዲህ የሰርግ ሰሞን ስለሆነ፣ ድንኳን ማለት ያለ ልፋት የተሰበሰበ ሕዝብ ማለት ነው። ደግሞም «በየማታው ደውላችሁ የዋላችሁበትን ንገሩኝ፤ ያልተነገረ ሥራ አልተሠራም» ትላቸው ነበር። ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ያለ ቀስቃሽ የት ወጥቶ ይደውላል? ይህን የጠየቃት የለም፤ እሷም ራሷን አልጠየቀችም።

ምርጫው ሲቃረብ ይርገዱ ማሸነፍን መመኘት ተወች። የቀራት ምኞት አንዲት ትንሽ ነገር ናት፦ አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ሰው። በየምርጫ ጣቢያው ለፓርቲ ወኪል ወንበር ይዘጋጃል፤ ወኪሉ እዚያ ይውልና ድምፅ ሲቆጠር በዓይኑ ያያል። በዞኑ ላሉት ወንበሮች ሁሉ ሰው ተገኝቷል፤ የሸንኮሬው ብቻ ባዶ ነው። «ያለ ወኪል የተቆጠረ ድምፅ ያለ አልቃሽ እንደተቀበረ ሰው ነው» ትል ነበር በየስብሰባው። አባባሉን ትወደው ነበር።

ያን ወንበር ይይዛሉ ተብለው የነበሩት ጋሽ አበጋዝ የሚባሉ የሸንኮሬ ሽማግሌ ናቸው። አንድም ማታ ሳያጓድሉ ሲደውሉ ከርመው ድንገት ጠፉ። ስልካቸው ዝግ ነው። በምርጫ ሰሞን ድምፁ የጠፋ ሰው ለአስተባባሪ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ይርገዱ ቀስቃሾቿን ሰብስባ «ጋሽ አበጋዝ ከድተውናል፤ ሌላ ፓርቲ ወስዷቸዋል» አለች። ማንም አልተከራከራትም፤ የደከመው ሰው አይከራከርም።

ገበያ ቀን ጠብቃ ወጣች። የሸንኮሬውን አስተማሪ፣ መምህር ይታገሱን፣ ሽንኩርት ሲመርጥ አገኘችው።

«መምህር፣ ለአንድ ቀን ወንበር ላይ ተቀመጥልኝ» አለችው።

«የጋሽ አበጋዝ ወንበር ላይ?»

«አዎ። እሳቸው እኮ ከዱን።»

መምህሩ የመረጠውን ሽንኩርት አንድ በአንድ ወደ መደቡ መለሰ። «አልቀመጥም፣ እትዬ ይርገዱ። የእድሩ ዳኛ ሳይፈቅዱልኝ እዚያ ብቀመጥ፣ የሞትኩ ቀን ሬሳዬን የሚያነሳ አላገኝም። ጋሽ ደምጤን ጠይቂ» አለና ባዶ ዘንቢሉን ይዞ ሄደ።

መምህሩ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም አለ፤ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ይርገዱ ጨነቃት።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደምጤ እህላቸው እስኪፈጭ ገበያው ዳር ባለው ወፍጮ ቤት በር ላይ ቁጭ ብለዋል። ይርገዱ እጅ ነስታ «ጋሽዬ፣ ለመምህሩ ይፍቀዱለት፤ ወንበሬ ባዶ ሊቀር ነው» አለቻቸው። እሳቸውም አገጫቸውን ከዱላቸው ላይ አንስተው አዩአት።

«ይርገዱ የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«አልፈቅድም። እጩያችሁ ራሱ ሸንኮሬ ይምጣ። የምንለውን ለሱ እንላለን።»

«ለእኔ ቢነግሩኝስ?»

«ይሄ ገበያ መሃል የሚነገር ነገር አይደለም፣ ልጄ» አሉና ፊታቸውን ወደ ወፍጮው አዞሩ።

ልብ ያለው ሰው እዚያው ላይ ይገባው ነበር። የምርጫ ሰሞን ግን ልብ የት አለ? ይርገዱ «ይሄም ሽማግሌ ተገዝቷል» ብላ መንገዷን ቀጠለች። ዳኛው መምህሩን አልፈቅድም አሉ፤ መምህሩ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም አለ፤ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ይርገዱ ጨነቃት።

እጩው አቶ ልሳኑ ከተማው ውስጥ ባለው የፓርቲው ቢሮ መስታወት ፊት ቆመው ንግግር ይለማመዱ ነበር። ንግግር ሲወዱ! ሰው ባይኖር ለወንበር ይናገራሉ፤ ወንበር ባይኖር ለግድግዳ።

«አቶ ልሳኑ፣ ሸንኮሬ ይሂዱልኝ። እርስዎ ካልሄዱ ዳኛው አይፈቅዱም።»

«በምን ልሂድ?»

«መኪናው ወደዚያ አይሄድም ይላሉ። በእግር ቢሆንስ?»

አቶ ልሳኑ በመስታወቱ ውስጥ አዩአት። «እጩ በእግሩ መጣ ይባልልኝ? ገና ሳይመረጥ እንዲህ ከሆነ ሲመረጥ በዳዴ ሊሄድ ነው ይሉኛል። ጣሰው ይንዳኝ፤ ካልነዳኝ አልሄድም።»

እንግዲህ ቁጠሩልኝ። አቶ ልሳኑ በእግሬ አልሄድም አሉ፤ ዳኛው መምህሩን አልፈቅድም አሉ፤ መምህሩ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም አለ፤ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ይርገዱ ጨነቃት።

ሾፌሩን ጣሰውን መኪናው ሥር ተኝቶ አገኘችው። ሲጠግን ይሁን ሲደበቅ እሱና እግዜር ያውቃሉ። «ጣሰው፣ አቶ ልሳኑን ሸንኮሬ አድርስልኝ» አለች ለጫማው።

«አልነዳም!» አለ ከሥር። «መንገዱን በድንጋይ ዘግተውታል። ያኔ ያመለጥኩት በተአምር ነው።»

«ያኔ መቼ?»

ጣሰው ጭንቅላቱን አወጣ። «ሸንኮሬ ወንዝ ማዶ ድንኳን አየን። ሰው ግጥም ብሏል። ሰርግ ነው ብለን ቆምን፤ ሞንታርቦውን ከፍተን ያን የጭፈራ ዘፈን ለቀቅንላቸው። ‹መሰላልን ምረጡ!› እያልን እኛም ጨፈርን። አንቺው አይደለሽ እንዴ ድንኳን ባያችሁበት ቁሙ ያልሽን? እኛ እልል ይላሉ ስንል ድንጋይ አነሱብን! እግሬ አውጪኝ ብዬ ነዳሁ። በሰርጉ ላይ ድንጋይ የሚወረውር ሕዝብ አይቼ አላውቅም።»

  ይርገዱ «የማን ድንኳን ነበር?» ልትለው ስትል ስልኳ ጠራ፤ ዋናው ቢሮ ነው፤ «የሸንኮሬ ወንበር እንዴት ሆነ?» ይላል። የራሷን ጥያቄ ትታ የቢሮውን መለሰች።

ጣሰው መኪናውን አልነዳም አለ፤ አቶ ልሳኑ በእግሬ አልሄድም አሉ፤ ዳኛው መምህሩን አልፈቅድም አሉ፤ መምህሩ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም አለ፤ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ይርገዱ ጨነቃት።

በማግስቱ አስፋልቱ እስኪያልቅ በሚኒባስ ሄዳ፣ ከዚያ በኋላ በእግሯ ወጣች። ደከማት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የደከማት እግሯ አይደለም። «ለአንድ ወንበር!» እያለች ትሄዳለች። «ላናሸንፍ ነገር፤ ለአንድ ወንበር!» ተመልሳ ልትሄድም ቆማ ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ የቸገራት አስተባባሪም ዳገት ትወጣለች። ወጣች።

የሸንኮሬ ጎረምሶች ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ድንጋዩ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል።

«ወንድሞቼ፣ ድንጋዩን አንሱልኝ። መኪና እንዲያልፍ ነው።»

«የመሰላል መኪና?» አለ አንዱ።

«አዎ።»

ከመሃላቸው ትልቁ ተነስቶ ቆመ። «አናነሳም። ድንጋዩን ያስቀመጥነው እኛ ነን፤ የሚያስነሱን ግን እትዬ ማንጠግቦሽ ናቸው። እሳቸው ካላዘዙን ድንጋዩ እዚሁ ይኖራል፤ ልጆቻችን ይቀመጡበታል።»

እትዬ ማንጠግቦሽ የጋሽ አበጋዝ ሚስት ናቸው። ይርገዱ ስማቸውን የምታውቀው፣ ጋሽ አበጋዝ በየማታው ሲደውሉ «ማንጠግቦሽም ሰላም ብላሻለች» ይሏት ስለነበረ ነው። ጎረምሶቹን «ለምን?» አለቻቸው። ማንም አላያትም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

ጎረምሶቹ ድንጋዩን አናነሳም አሉ፤ ጣሰው መኪናውን አልነዳም አለ፤ አቶ ልሳኑ በእግሬ አልሄድም አሉ፤ ዳኛው መምህሩን አልፈቅድም አሉ፤ መምህሩ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም አለ፤ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ይርገዱ ጨነቃት።

ከጋሽ አበጋዝ ቤት ፊት ለፊት ሣሩ ተረግጦ ቢጫ ሆኗል። አራት ማዕዘን ነው። በየጥጉ የድንኳን ካስማ የተነቀለበት ጉድጓድ አለ። ይርገዱ እዚያ ላይ ቆመች፤ ጉድጓዶቹን አየች፤ ቀና ስትል ወንዙን አየች፤ ከወንዙ ማዶ መኪና የሚቆምበትን ሜዳ አየች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወደ በሩ ሄደች።

እትዬ ማንጠግቦሽ ጥቁር ለብሰው፣ ራሳቸውን ተላጭተው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አልተነሱም።

«እግዜር ያጥናዎት» አለች ይርገዱ።  «እትዬ፣ ሳልሰማ ቀርቼ ነው።»

«ትሰሚ ነበር እንጂ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። «በየማታው ነበር የሚደውልልሽ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ በክፍቱ በር ወደ ላይ አመለከቱ።

«እዚህ ስልክ አይሠራም። የሚሠራው ያ ከላይ የሚታይሽ ቁራ አምባ ላይ ነው። ሐኪም ልብህ ዳገት አይችልም ብሎታል። ‹ተው አበጋዝ፣ ነገ ጠዋት ትደውላለህ› ስለው ‹አይሆንም፣ ያልተነገረ ሥራ አልተሠራም ብላናለች› ይለኛል። በየማታው ወጣ። የመጨረሻ ቀን ደውሎ ደውሎ አላነሳሽለትም። ‹ትንሽ ልጠብቃት፣ ሥራ በዝቶባት ነው› አለ አሉ፣ አብሮት የወጣው ጎረቤት ነው የነገረኝ። ሲጠብቅሽ እዚያው ቁጭ እንዳለ አረፈ። በአልጋ አወረዱት። በሰልስቱ ደግሞ ዘፈን ላክሽልን።»

ይርገዱ ያን ማታ ታስታውሰዋለች። ከዋናው ቢሮ ጋር እየተነጋገረች የጋሽ አበጋዝ ስም ስልኳ ላይ ሲበራና ሲጠፋ አይታለች። «ቆይ እሳቸው ይጠብቁ» ብላለች። ጠበቋት።

«ጎረምሶቹን እዘዙልኝ ብለሽ እንደመጣሽ አውቃለሁ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። «አላዝም። መጀመሪያ ተቀመጪ። አበጋዝ ለአንቺ ሲናገር ከረመ፤ ዛሬ አንቺ ለእኔ ትናገሪያለሽ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ፣ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

ይርገዱ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሪፖርት ስትቀበል የኖረች ሴት ሪፖርት ማድረግ ጀመረች።

«እርስዎ ጎረምሶቹን አላዝም አሉኝ። ጎረምሶቹ ድንጋዩን አናነሳም አሉኝ። ጣሰው መኪናውን አልነዳም አለኝ። አቶ ልሳኑ በእግሬ አልሄድም አሉኝ። ዳኛው መምህሩን አልፈቅድም አሉኝ። መምህሩ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም አለኝ። ወንበሩ ባዶ ነው። ባዶ የሆነው ጋሽ አበጋዝ ስለጠፉ ነው። ጋሽ አበጋዝ የጠፉት እኔ ስልኩን ስላላነሳሁ ነው። እኔ ደግሞ...» እዚህ ላይ ቆመች። «እኔ ደግሞ ሰው ሰብስቤ ከድተዋል አልኩኝ።»



«ከድተዋል አልሽ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

«አልኩ።»

«ሪፖርትሽ ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«አጭር ነው። የአበጋዝ ይረዝም ነበር። ማን እንደወለደች፣ የማን በሬ እንደታመመ፣ ዝናቡ የት ድረስ እንደጣለ ሁሉ ይነግርሽ ነበር። ትሰሚው ነበር?»

«አልሰማም ነበር» አለች ይርገዱ። «ስንት ሰው አናገሩ? ብቻ ነበር የምላቸው።»

ከዚያ ለቅሶ መጣ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ አልገደደም። ይርገዱ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች፤ «ጋሽ አበጋዝ ይጠብቁኝ ብዬ! ጋሽ አበጋዝ ይጠብቁኝ ብዬ!» አለች። ቆይተው እትዬ ማንጠግቦሽም በለቅሶ ተቀበሏት። ጎረምሶቹ ድምፁን ሰምተው መጥተው ከበሩ ውጭ ቆሙ። የታረቀ ሰው አልነበረም፤ ያለቀሰ ሰው ነበር እንጂ። ልቅሶና ዕርቅ አንድ እንዳይመስሏችሁ።

እንባው ሲያልቅ እትዬ ማንጠግቦሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ በሩ ተጣሩ። «ልጆች፣ ድንጋዩን አንሱት» አሉ። «ለሷ ብዬ አይደለም። ወንበሩ የአበጋዝ ነው፤ ባዶ አይደር።»

እንግዲህ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ተመለሰ። እትዬ ማንጠግቦሽ ጎረምሶቹን አዘዙ፤ ጎረምሶቹ ድንጋዩን አነሱ፤ ጣሰው ሞንታርቦውን አውርዶ መኪናውን ነዳ፤ አቶ ልሳኑ ሸንኮሬ ደረሱ፤ ለቅሶ ቤት ገብተው አንድ ቃል ሳይናገሩ ተቀመጡ፤ ያዩ ሰዎች ሰውየው ታመዋል ብለው ፈሩ። ዳኛው ጋሽ ደምጤ መምህሩን ፈቀዱ። መምህር ይታገሱ እሺ አለ።

«መምህር» አለችው ይርገዱ ስትለየው፣ «ማታ እንዳትደውልልኝ። ውጤቱን በማግስቱ አስፋልት ስትወርድ ትነግረኛለህ። ቁራ አምባን እንዳትወጣ።»

የምርጫው ቀን መጣ። መምህሩ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ሞላ፤ ዋናው ቢሮ ደውሎ «ጎበዝ!» አላት። ያቺ ትንሽ ምኞቷ ተፈጸመች ማለት ነው። ይርገዱ ግን አንድም ነገር አልተሰማትም። በማግስቱ ከየቀበሌው ውጤት ሲመጣ ዋለ፤ መሰላል እዚህም ወደቀ፣ እዚያም ወደቀ። የቢሮው ሰዎች አንድ በአንድ እየወጡ ሄዱ። አቶ ልሳኑ መስታወታቸውን ሳይቀር ይዘው ሄዱ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስልኳ ጠራ። ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው።

«እትዬ ይርገዱ፣ ይታገሱ ነኝ። ሪፖርት ላደርግ ነው።» ነፋስ ይሰማል፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«የት ነህ?»

«ቁራ አምባ። እንዳትወጣ ብለሽኝ ነበር፤ ግን ወንበሩ የሳቸው ነው ብዬ... ቆጠራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድም አልተጭበረበረም። እትዬ ማንጠግቦሽ መርጠውናል፤ እኔም መርጫለሁ። ሌላው ሰው ግን አልመረጠንም። ተሸንፈናል።»

«እሺ።»

«ሌላ ልንገርሽ? የጋሽ ደምጤ ላም ወልዳለች። እዚህ ደግሞ ዝናብ ሊጥል ነው።»

«እየሰማሁህ ነው» አለች ይርገዱ፤ እንባዋ እጇ ላይ ወረደ። «ሳይጨልም፣ ቀስ ብለህ ውረድ። እታች እስክትደርስ ስልኩን አልዘጋውም።»

መሃል መንገድ ላይ ኔትወርኩ ተቋረጠ። እሷ ግን ስልኩን ከጆሮዋ አላነሳችም።

ተረቴን መልሱልኝ፤ የመጣሁት ከለቅሶ ቤት ነውና አፌን በዳቦ አታብሱልኝ፤ ስልክ ሲጠራ ብቻ አንሱ።